ከውሃው ውስጥ ዘይቱን እንዴት እንለካዋለን?

ባሕር ዳር ላይ፣ ወደ ዘጌና ወደ ደሴት ገዳማቱ የሚሄዱ ሞተር ጀልባዎች በሚቆሙበት ዳርቻ፣ ነፋስ ገና ሳይነሳ በማለዳ ወርዶ ውሃውን ያየ ሰው፣ ከጀልባዎቹ ኋላ ሐምራዊ፣ ሰማያዊና ወርቃማ ቀለም እየቀያየረ የሚዘረጋ ስስ ነገር ማየቱ አይቀርም። አንድ ማለዳ እዚያው ቆሜ ሳለሁ በዕድሜ የገፉ ጀልባ ነጂ ወደዚያ ቀለም እያመለከቱ «ይኼ ስንት ይሆናል ብለህ ነው? አንድ ሊትር ይሞላል?» ብለው ጠየቁኝ። ሥራዬ የውሃ ናሙና መመርመር መሆኑን ስለሚያውቁ ወዲያው ቁጥር የምነግራቸው መስሏቸው ነበር። «ጋሼ፣ መጀመሪያ የትኛውን ዘይት እንደሚጠይቁኝ ይንገሩኝ» አልኳቸው፤ የቀለድኩ መሰላቸው እንጂ ቀልድ አልነበረም።

እርሳስን ወይም ናይትሬትን በውሃ ውስጥ የሚለካ ባለሙያ የሚፈልገው አንድ የታወቀ ነገር ነው፤ በየትኛውም ትክክለኛ ዘዴ ቢለካው መልሱ ተቀራራቢ መሆን አለበት። ዘይት እንዲህ አይደለም። ድፍድፍ ነዳጅ አብዛኞቹ ከካርቦንና ከሃይድሮጂን የተሠሩ በሺዎች የሚቆጠሩ ውህዶች ድብልቅ ሲሆን፣ ከእሱ ተጣርተው ከሚወጡት መካከል ቀለል ያሉት ቤንዚን፣ መካከለኞቹ ናፍጣ፣ ከባዶቹ ደግሞ የሞተር ዘይት ይሆናሉ። ገሚሱ ይተናል፣ ገሚሱ ይሟሟል፣ ገሚሱ ከደለል ጋር ተጣብቆ ይዘቅጣል። ሁሉንም በአንድ ጊዜ የሚይዝ መሣሪያ ስለሌለ እያንዳንዱ ዘዴ ለራሱ የሚታየውን ክፍል ብቻ ይለካና «ዘይት» ብሎ ይጠራዋል። ስለዚህ «በውሃው ውስጥ ይህን ያህል ሚሊግራም ዘይት ተገኘ» የሚል ዜና ስንሰማ፣ ውሃው ከየትኛው ጥልቀት እንደተቀዳና በምን ዘዴ እንደተለካ ካልተነገረን ቁጥሩ ባዶ ነው ብዬ አምናለሁ።

በዓይን ከሚታየው እንጀምር። የሰሜን ባሕር ጠረፍ አገሮች የሚመሩበት የቦን ስምምነት፣ ከአውሮፕላን ላይ የሚታየውን የዘይት ቀለም ወደ ውፍረት የሚቀይር መለያ አለው። ብርማ ወይም ግራጫማ ሆኖ የሚያብለጨልጨው ከ0.04 እስከ 0.3 ማይክሮ ሜትር ይወፍራል፤ ማይክሮ ሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የቀስተ ደመና ቀለም የሚያሳየው ከ0.3 እስከ 5፣ እንደ ብረት የሚያንጸባርቀው ከ5 እስከ 50 ማይክሮ ሜትር ሲሆን፣ ከዚያ በላይ የዘይቱ የራሱ ቀለም መታየት ይጀምራል። ከጀልባው ኋላ ያየነው ቀስተ ደመናማ ቦታ አሥር ሜትር በአምስት ሜትር ነበር እንበል። ስሌቱን ብንሠራው ያለው ዘይት ቢያንስ 15 ሚሊ ሊትር፣ ቢበዛ 250 ሚሊ ሊትር ይሆናል፤ ማለትም ከአንድ የሾርባ ማንኪያ እስከ አንድ ኩባያ። ዓይን በጣም ስስ የሆነውን ዘይት እንኳ የማያመልጠው ምስክር ነው፤ መጠን ሲጠየቅ ግን እንዲህ ይዋዥቃል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1774 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያልበለጠ ዘይት ለንደን አጠገብ በሚገኝ ኩሬ ላይ ግማሽ ኤከር፣ ማለትም ሁለት ሺህ ካሬ ሜትር ያህል ተዘርግቶ ሞገዱን እንዳስተኛው ተርኳል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። በጣና ዳር ደንገል በበቀለበትና ውሃው በተኛበት ረግረግ፣ ጀልባም መኪናም ባልደረሰበት ቦታ፣ ዘይት የሚመስል ፊልም፣ ማለትም ስስ ሽፋን፣ ሊታይ ይችላል። ይህ ብዙ ጊዜ በውሃው ውስጥ ያለውን ብረት የሚመገቡ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ነው። ለመለየት መሣሪያ አያስፈልግም፤ አንድ የደንገል ዘንግ ቆርጦ ፊልሙን መንካት ይበቃል። የባክቴሪያ ሥራ ከሆነ እንደ ስስ ጠርሙስ ማዕዘን ማዕዘን እያበጀ ይሰባበርና ተለያይቶ ይቀራል። የነዳጅ ዘይት ከሆነ ግን ዘንጉ ያለፈበት መንገድ ወዲያው ተመልሶ ይገጥማል፣ ቀለሙም ይሽከረከራል። ጀልባ ነጂው በእኔ ዘንግ ሞክረው ሲገጥም አዩና «የኛው ነው» አሉ።

ላይ የሚንሳፈፈው ግን የሚታየው ክፍል ብቻ ነው። ሞገድ ዘይቱን እየመታ በዓይን ወደማይታዩ ጠብታዎች ይሰባብረዋል፤ ቀላሎቹ ውህዶች፣ በተለይ ቤንዚን (benzene) የተባለው፣ ከነዳጁ ቤንዚን ጋር በስም የሚመሳሰል ግን ራሱን የቻለ አንድ ውህድና ዘመዶቹ፣ በውሃው ውስጥ በእርግጥ ይሟሟሉ። እ.ኤ.አ. በ2010 በሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ የዲፕዋተር ሆራይዘን ጉድጓድ በ1,500 ሜትር ገደማ ጥልቀት ሲፈነዳ፣ ከዘይቱ ከፊሉ ላይ ሳይደርስ ከአንድ ሺህ ሜትር በታች እንደ ደመና ተዘርግቶ ቀርቷል፤ ላዩን ብቻ የቃኘ ሰው ያንን ክፍል ጨርሶ አያየውም ነበር። በጨዋማ ውሃና በጣፋጭ ውሃ መካከልም ልዩነት አለ። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው ስለሚይዝ ዘይትን ከጣፋጭ ውሃ ባነሰ መጠን ያሟሟል፣ ክብደቱም በጥቂቱ ስለሚበልጥ ከባድ ዘይት በቀላሉ ያንሳፍፋል። ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ብሎ የሚገኘው ጣና ጣፋጭ ውሃ ነው፤ በክረምት ደግሞ ርብና ጉማራ በሚያመጡት ደለል ይደፈርሳል። ስለዚህ ለባሕር የተጻፈውን መመሪያ እንዳለ ገልብጦ እዚህ መሥራት አይቻልም።

ቁጥሮቹን በጀሪካን እናስባቸው። አንዲት የሞተር ዘይት ጠብታ 40 ሚሊግራም ያህል ትመዝናለች። ሃያ ሊትር በሚይዝ ጀሪካን ውሃ ውስጥ ብትገባና እኩል ብትበተን በሊትር 2 ሚሊግራም ይሆናል። መርከቦች ከሞተር ክፍላቸው ግርጌ የሚጠራቀመውን ውሃ ወደ ባሕር ሲለቁ እንዳይበክሉ ማርፖል የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ያስቀመጠው ጣሪያ ከሚሊዮን 15 እጅ ነው፤ ይህም በሊትር 15 ሚሊግራም ያህል፣ በጀሪካኑ ውስጥ ደግሞ ሰባት ጠብታ ተኩል ያህል ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ከመርከብ ለሚወጣ ፍሳሽ የተደነገገ እንጂ ለሚጠጣ ውሃ ወይም ዓሣ ለሚኖርበት ሐይቅ አይደለም። በባሕር ዳርቻዎች የሚፈለገው መጠን ብዙ ጊዜ የሚለካው በማይክሮ ግራም፣ ማለትም በሚሊግራም አንድ ሺህኛ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው የቤንዚን (benzene) ውህድ መመሪያ በሊትር 10 ማይክሮ ግራም ነው።

እንዲህ ያለ ትንሽ መጠን በሚፈለግበት ጊዜ ሥራው የሚበላሸው ላቦራቶሪ ውስጥ ሳይሆን ጀልባ ላይ ነው። ለሌላ የውሃ ምርመራ ጠርሙሱን በሚቀዳው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቆ መሙላት ጥሩ ልማድ ነው፤ ለዘይት ግን ክልክል ነው፣ ምክንያቱም ዘይት በእያንዳንዱ ማለቅለቅ ከጠርሙሱ ግድግዳ ላይ እየተለጠፈ ይጠራቀማል። ሃይላንድ የምንለው የፕላስቲክ ዕቃም አይሆንም፤ ፕላስቲክ ዘይቱን ይመጥጣል፣ ከራሱም ነገር ይለቅቃል። በአሟሚ የታጠበ፣ ብርሃን የማያሳልፍ ቡናማ የመስታወት ጠርሙስ ነው የሚያስፈልገው። የዩኔስኮ የበይነ መንግሥታት የውቅያኖስ ጥናት ኮሚሽን ለባሕር ባዘጋጀው ዘዴ፣ ጠርሙሱ ክብደት ባለው የብረት ማቀፊያ ውስጥ ሆኖ ተዘግቶ ይወርድና አንድ ሜትር ጥልቀት ላይ ክዳኑ በገመድ ተስቦ ይከፈታል። ተዘግቶ የሚወርደው ላይ የተንሳፈፈው ፊልም እንዳይገባ ነው፤ ከፊልሙ አንዲት ነጥብ ብትገባ ከሥር ያለው ውሃ ሙሉ በሙሉ የተበከለ ያስመስለዋል። ፊልሙን ማወቅ የፈለገ ለብቻው በሌላ ዘዴ ይቅዳው።

ጀልባዋ ራሷ ትልቋ በካይ ናት። ሥራ በጀመርኩበት ዘመን ከዳርቻው ወደ ሐይቁ መሐል እየራቅን በየርቀቱ ናሙና ስንቀዳ፣ ከፍተኛው ቁጥር የመጣው እጅግ ርቀን ከቀዳነው ጠርሙስ ነበር። በደስታ የምርምር ግኝት መስሎኝ ሁለት ቀን ተንከራተትኩበት፤ በኋላ ማስታወሻዬን ሳገላብጥ እዚያ ቦታ ሞገድ ስለነበር ሞተሩን ሳናጠፋ ከኋላ በኩል መቅዳታችንን አገኘሁ። ትክክለኛው አሠራር ሞተሩን አጥፍቶ፣ ጀልባዋ ወደ ነፋሱ ዞራ ስትቆም ከአፍንጫዋ በኩል እጅን ዘርግቶ መቅዳት ነው። የደንገል ታንኳ ቢገኝ ደግሞ እሰየው፤ ለዚህ ሥራ ከታንኳ የተሻለ ጀልባ አላውቅም።

ጠርሙሱ ከተሞላ በኋላ አሲድ ተጨምሮበት በበረዶ ይቀመጣል፤ ይህ የሚደረገው ዘይት የሚበሉ ረቂቅ ተሕዋስያን ሥራቸውን እንዳይቀጥሉ ነው። ላቦራቶሪ ሲደርስ ከፍሎ መመርመር የለም፣ ከግድግዳው የተለጠፈው ይቀራልና። በጠርሙሱ ላይ የውሃው ከፍታ በእስክሪብቶ ይሰመርና ውሃው ሁሉ ከግርጌው መክፈቻ ወዳለው ሾጣጣ የመስታወት ዕቃ ይገለበጣል፤ ባዶው ጠርሙስም ሄክሴን በሚባለው አሟሚ ታጥቦ እጣቢው እዚያው ይጨመራል። ዕቃው ሲናጥ ዘይቱ ውሃውን ትቶ ወደ ሄክሴኑ ይገባል፤ ሄክሴን ከውሃ ስለሚቀል ላይ ይሰፍራል። በበጋ የተቀዳ ጥሩ ውሃ ሲሆን በሁለቱ መካከል ያለው መስመር እንደ ክር ቀጥ ይላል። በሐምሌ የተቀዳ ድፍርስ ውሃ ከሆነ ግን መሐል ላይ እርጎ የመሰለ ነገር ይረጋና አልለይም ይላል፤ ያኔ ንጹሕ ጨው መጨመር ይረዳል። የባሕር ውሃ ጨዉን ይዞ ስለሚመጣ በዚህ በኩል ባሕር ዳርቻ የሚሠሩ ባልደረቦቻችን ዕድለኞች ናቸው። መጨረሻ ላይ ባዶው ጠርሙስ እስከ ተሰመረው ምልክት በቧንቧ ውሃ ተሞልቶ መጠኑ ይለካል።

ከዚህ በኋላ ነው ዘዴዎቹ የሚለያዩት። የመጀመሪያው ሄክሴኑን አትንኖ የቀረውን በሚዛን መመዘን ነው። ርካሽና ግልጽ ነው፤ ሆኖም ሁለት ዓይነት ይሳሳታል። ሄክሴኑ ሲተን ቤንዚኑና ከናፍጣው ቀላሉ ክፍል አብሮ ስለሚሄድ የነበረውን እንዳልነበረ ያደርጋል። በሌላ በኩል ከነዳጅ ጋር ዝምድና የሌላቸውን ነገሮች ይቆጥራል፦ በዳርቻው ልብስ ሲታጠብ የገባው ሳሙና አሲዱን ሲያገኝ ወደ ቅባት አሲድነት ተለውጦ በሄክሴኑ ይሟሟል፤ የደንገልና የእምቦጭ ቅጠል ሰምም እንዲሁ። ሲሊካ ጄል በተባለ ዱቄት ማጥራት የሳሙናውን ቅባት ያስቀራል፣ የቅጠሉን ሰም ግን በሙሉ አያስቀርም። በሰፊው የሚሠራበት የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ዘዴ በእርግጠኝነት የሚሠራው በሊትር ከ5 ሚሊግራም ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ ለጋራዥ ፍሳሽ ይጠቅማል እንጂ ማይክሮ ግራም ለሚፈለግበት የባሕር ውሃ አይሆንም።

ሁለተኛው በኢንፍራሬድ ጨረር የካርቦንና የሃይድሮጂንን ትስስር መቁጠር ነው። ለዚህ የሚያገለግለው አሟሚ ራሱ ያ ትስስር የሌለው መሆን ስላለበት በፊት ካርቦን ቴትራክሎራይድ፣ ቀጥሎም ፍሪዮን ይሠራበት ነበር፤ የመጀመሪያው ጉበት ይጎዳል፣ ሁለተኛው የኦዞን ንጣፍን ስለሚያሳሳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ከገበያ ወጣ። ዘዴው ዛሬም አለ፣ ነገር ግን ሰሙንም ሳሙናውንም ከነዳጁ ጋር መደመሩን አልተወም።

ለባሕር ውሃ ከሁሉ በላይ ያገለገለው ሦስተኛው፣ ፍሎረሰንስ የሚባለው ነው። በነዳጅ ውስጥ የቀለበት ቅርጽ ያላቸው ውህዶች አሉ፤ እነዚህ የማይታይ አልትራቫዮሌት ብርሃን ሲበራባቸው መልሰው ሌላ ብርሃን ያወጣሉ። ከላይ የጠቀስኩት የኮሚሽኑ ዘዴ በ310 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት አብርቶ በ360 ናኖ ሜትር የሚመለሰውን ያነባል። በሊትር አንድ ማይክሮ ግራምና ከዚያም በታች ያለውን ስለሚያይ ድንቅ ነው። የቅጠል ሰምና የሳሙና ቅባት ቀለበት ስለሌላቸው አያታልሉትም። ድክመቱ ብርሃንን ወደ ክብደት ለመቀየር ማነጻጸሪያ መፈለጉ ነው፤ ከእነዚህ የቀለበት ውህዶች አንዱ በሆነው በክራይሲን የተነጻጸረና በድፍድፍ ነዳጅ የተነጻጸረ ውጤት ለአንድ ጠርሙስ ውሃ በጣም የተለያየ ቁጥር ይሰጣል። በዚህ ምክንያት ጠንቃቃ ዘገባዎች «ይህን ያህል ማይክሮ ግራም ዘይት» አይሉም፤ «በክራይሲን ሲመነዘር ይህን ያህል» ይላሉ። ይህችን ሐረግ ቆርጦ የጣለ ጸሐፊ ቁጥሩን ያለ ምንዛሪ እንደጠራ ይቆጠር።

አራተኛው ጋዝ ክሮማቶግራፊ ነው፤ ውህዶቹን እንደ ክብደታቸው ተራ በተራ እያወጣ በወረቀት ላይ እንደ ተራራ ሰንሰለት ይሥላቸዋል። በዓለም አቀፉ መደበኛ አሠራር የሚቆጠሩት ከ10 እስከ 40 ካርቦን ያላቸው ናቸው። ናፍጣውና የሞተር ዘይቱ እዚህ ውስጥ ይወድቃሉ። የቤንዚኑ አብዛኛው ክፍል ግን ከ10 በታች ስለሆነ አይታይም፤ ዳር ላይ የሚቆሙት ትናንሽ ሞተሮች የሚነዱት ደግሞ በቤንዚን ነው፣ የድሮዎቹ ባለ ሁለት ምት ሞተሮችም ያልተቃጠለ ነዳጅ ከጭሱ ጋር ወደ ውሃው ይተፋሉ። ቤንዚንን ለማግኘት ሌላ ጠርሙስ መቅዳት ግድ ይላል፤ ትንሽ ብልቃጥ አንዲት የአየር አረፋ እንኳ ሳትቀር ጢም ተደርጎ ይሞላል፣ አረፋ ካለ ቤንዚኑ ወደዚያ ይሸሻልና።

እንግዲህ ባጃጅ የሚታጠብበት፣ ልብስ የሚታጠብበትና ደንገል የበቀለበት አንድ የጣና ዳርቻ አስቡ። ከዚያ የተቀዳው ውሃ በሚዛን ቢለካ ሳሙናው፣ ሰሙና የተቃጠለው ዘይት ተደምረው ከፍተኛ ቁጥር ያወጣሉ፤ በክሮማቶግራፊ ቢለካ ቁጥሩ ይወርዳል፤ ቤንዚኑ በሁለቱም ውስጥ የለም። ሦስት ሐቀኛ ላቦራቶሪዎች ሦስት ቁጥር ቢሰጡ አንዳቸውም አልዋሹም።

ከሰማይ የሚደረገውን ቅኝት በአጭሩ ልለፈው። የራዳር ሳተላይቶች ዘይት ትንንሽ ሞገዶችን ስለሚያስተኛ ጥቁር ሆኖ ያዩታል፤ ነፋስ ከሌለ ሁሉም ነገር ጥቁር ይሆናል፣ ሲበረታም ዘይቱ ይበተናል። ለትልቅ የመርከብ አደጋ ይጠቅማሉ፣ ለጀልባ ማቆሚያ ግን አይሆኑም። ብክለቱ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከትልቅ አደጋ አይመጣም፤ የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጡት ጥናት፣ በሰሜን አሜሪካ ባሕሮች ትልቁ የዘይት ምንጭ ከየብስ፣ ከከተማና ከመንገድ የሚታጠበው ነው። ለባሕር ዳርም የሚስማማው አቀዳድ ከዚህ ይወጣል፤ የመጀመሪያው ክረምት ዝናብ የበጋውን የአስፋልትና የጋራዥ ቅባት ጠራርጎ በሚያወርድበት ሰዓት በፍሳሽ ቦይ አፍ ላይ መቅዳት፣ ከዚያም ወደ ሐይቁ እየራቁ መቀጠል፣ ለማነጻጸሪያም ከተማ ካልደረሰበት ዳርቻ አንድ ጠርሙስ መጨመር። ከቦዩ አፍ ሥር ያለውን ጭቃ መቅዳት ደግሞ ከውሃው ይልቅ ብዙ ይናገራል፤ ውሃው በአባይ በኩል ይወጣል፣ ከደለሉ ጋር የዘቀጠው ዘይት ግን ባለበት ይከማቻል።

«ስንት ነው» ከሚለው ይልቅ ጀልባ ነጂውን ያሳሰባቸው ጥያቄ በኋላ የመጣው ነው፤ «የማን ዘይት መሆኑንስ ታውቃለህ?» አሉኝ። ለዚህ ክሮማቶግራፊው ይመቻል። ናፍጣ በእኩል ርቀት የቆሙ ቀጫጭን ሹል ጫፎች ይሥላል። የሞተር ዘይት ጫፎቹ ጠፍተው በስተ ቀኝ አንድ ሰፊ ጉብታ ይሆናል። የቅጠል ሰም ከ25 እስከ 33 ካርቦን ባለው ክፍል ጎዶሎ ቁጥር ያላቸው ጫፎች ብቻ ተለይተው ስለሚረዝሙ ወዲያው ይታወቃል። ከዚህ አልፎ ሆፔን የሚባሉ፣ ባክቴሪያ በቀላሉ የማይበላቸው ውህዶች እርስ በርስ ያላቸው ምጣኔ እንደ ጣት አሻራ ያገለግላል፤ ባሕር ላይ የፈሰሰ ዘይት ከየትኛው መርከብ እንደወጣ ለመለየት የሚሠራው በዚህ ነው። ሆኖም አሻራ የሚመሳከረው ከሌላ አሻራ ጋር ስለሆነ፣ ከተጠረጠረው ሞተር የተቀዳ ዘይት ያስፈልጋል አልኳቸው።

በማግስቱ ጠዋት ሳይጠየቁ ከራሳቸው ሞተር የቀዱትን ዘይት በትንሽ የመስታወት ብልቃጥ ይዘውልኝ መጡ። ብልቃጡ ንጹሕ ነበር። ክዳኑ ስላልጠበቀላቸው ግን ፌስታል ቀደው አፉ ላይ አስገብተው ነበርና፣ ሌላ ብልቃጥ ሰጥቻቸው ወደ ጀልባዋ ወርደን እንደገና ቀዳን።